ዝም የሚል ሣጥን

በገና የሚሠራ ባለሙያ እንጨቱን ቦርቡሮ ቆዳ የሚወጥርበት ሣጥኑ ራሱ እንዲያዜም ነው። አሥሩ አውታሮች ያለ ሣጥን ቢደረደሩ ድምፃቸው ከክፍሉ ጥግ አይደርስም። ክራርም መሰንቆም እንዲሁ ናቸው። የስፒከር ሣጥን የሚሠራ ሰው ግን የሚለፋው ለተቃራኒው ነው፤ ሣጥኑ ከራሱ ምንም እንዳይጨምር። የበገናው ቅጂ በቤታችን ሲጫወት የበገናው ሣጥን መሰማት አለበት፤ የእኛው ሣጥን ግን ዝም ማለት አለበት። በትርፍ ጊዜ፣ በገዛ እጅ፣ ጥንድ የመደርደሪያ ስፒከር መሥራት ማለት ይህን ዝምታ መሥራት ማለት ነው።

የመደርደሪያ ስፒከር የሚባለው ከመጻሕፍት መደርደሪያ ወይም ከጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሣው ትንሽ ሣጥን ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ክብ አካላት ይገጠሙበታል፤ ለወፍራሙ ድምፅ ውፈር፣ ለቀጭኑ ትዊተር። እነዚህን ክብ አካላት ቤት ውስጥ የሚሠራቸው የለም ማለት ይቻላል፤ ከፋብሪካ ይገዛሉ። የእጅ ሥራው ሣጥኑና በውስጡ የምትቀመጠው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ናቸው።

የውፈሩ አሠራር ቀላል ነው። ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሾጣጣ አለ። ከጀርባው ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ቀለበት ተጣብቋል፤ ቀለበቱም በማግኔት መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ግድግዳዋን ሳይነካ ተንጠልጥሏል። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ጥቅሉ ራሱ ማግኔት ይሆንና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ሾጣጣውም አብሮት አየሩን ይገፋል። ይህን ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1925 ያስተዋወቁት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላም በየቤቱ ያለው ስፒከር አብዛኛው የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

ሁለት ክብ አካላት ያስፈለጉበት ምክንያት የድምፅ ሞገድ ነው። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። የ20 ኸርዝ ሞገድ በአየር ላይ 17 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የ20,000 ኸርዙ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ብዙ አየር ለመግፋት የሰፋው ሾጣጣ ቀጭኑን ድምፅ በየአቅጣጫው መበተን ያቅተዋል፤ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነችው ትዊተር ደግሞ ወፍራሙን አትችለውም።

ሣጥን ለምን እንዳስፈለገ ማየት የሚፈልግ ከተበላሸ ቴፕ አንድ ስፒከር ፈትቶ በእጁ እንደያዘ ያጫውተው። ድምፁ የሳሳና የራቀ ይሆናል። ከዚያ ሰፋ ያለ ካርቶን መሀሉን በሾጣጣው ልክ ቀዶ ስፒከሩን ቀዳዳው ላይ ይግጠመው። ጠፍቶ የነበረው ወፍራም ድምፅ በዚያው ቅጽበት ይመጣል። ሾጣጣው ከፊቱ ያለውን አየር ሲጨምቅ ከኋላው ያለውን ያሳሳዋል፤ ሁለቱ ዞረው ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ካርቶኑ መንገዳቸውን ያራዝማል፤ ሣጥን ደግሞ የኋላውን ጨርሶ ይዘጋበታል።

የሣጥኑ መጠን ለረጅም ጊዜ በልምድና በሙከራ የሚወሰን ነገር ነበር። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1954 ኤ.አር.-1 በተባለው ስፒከሩ፣ በጥብቅ በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለ አየር ራሱ እንደ ሞላ ሆኖ ሾጣጣውን እንደሚመልሰው አሳየ። ቀጥሎ ኔቪል ቲሌ በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሁለቱም አውስትራሊያ ውስጥ ሆነው ነገሩን በሒሳብ ቋጩት። ዛሬ ከውፈር ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ በስማቸው የሚጠሩ ቁጥሮች ይታተማሉ፤ ሾጣጣው ለብቻው የሚርገበገብበት ድግግሞሽ፣ የመለጠጡ ልክ በአየር ሊትር ሲመዘን፣ እና ርግብግቡ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቆም። እነዚህን ለነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሰጠ ሰው፣ መጋዝ ሳያነሣ ሣጥኑ ስንት ሊትር መሆን እንዳለበት ያውቃል። ለትርፍ ጊዜ ሠሪው ትልቁን በር የከፈቱለት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ለምሳሌ ውስጡ 18 በ21 በ32 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 12 ሊትር ይይዛል። ሣጥኑን ሙሉ በሙሉ ማሸግ ይቻላል፤ ወይም እንደ ጠርሙስ አፍ ቱቦ ማውጣት ይቻላል። ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ አንድ የታወቀ ድምፅ ይሰጣል፤ ሣጥኑም በቱቦው ልክ የራሱ ድምፅ አለው። ስፋቱ 5፣ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ያንን ሣጥን ወደ 50 ኸርዝ ያስተካክለዋል፤ ውፈሩ እየደከመ በሚሄድበት ቦታ ላይ ቱቦው ያግዘዋል። ቱቦው ካጠረ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከረዘመ ይወርዳል። ሣጥኑ ማዜም የሚፈቀድለት በዚህች አንዲት ቦታ ብቻ ነው፤ ያውም ተለክቶለት።

ግድግዳው ግን መርገብገብ የለበትም። ሠሪዎች የሚመርጡት 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ኤም.ዲ.ኤፍ. የተባለ ሰሌዳ ነው፤ ከባድ ነው፣ ጅማት የለውም፣ ሲቆረጥ ጠርዙ አይሰነጠቅም። ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ አፍና አፍንጫ ሳይሸፍኑ መቁረጥ አይገባም። እኔ ሰሌዳውን የማስቆርጠው የቤት ዕቃ የሚሠራ ሰው ዘንድ ነው፤ የሱ ማሽን ከኔ መጋዝ ይልቅ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይሰጠኛል። ከዚያ ኮላ ቀብቶ፣ በሞርሳ አጥብቆ፣ ማሳደር ነው። በመሀል ከግድግዳ ግድግዳ የሚያያዝ ድጋፍ እንጨት ይገባል። ከመዝጋቴ በፊት ጎኑን በጣቴ አንጓ አንኳኳለሁ። ድጋፉ የሌለበት ሣጥን እንደ ከበሮ ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ በደንብ ከታሰረ ግን አጭርና ደረቅ፣ ግንድ የመታሁ ያህል ነው።

ወፍራም ሰሌዳ ብቸኛው መንገድ አይደለም። የቢ.ቢ.ሲ. መሐንዲሶች በ1970ዎቹ ለተንቀሳቃሽ የስርጭት መኪኖች ኤል.ኤስ. 3/5ኤ የተባለውን ትንሽ ስፒከር ሲሠሩ፣ ቀጭን የበርች ፕላይውድ መርጠው ውስጡን ንዝረት በሚያበርድ ንጣፍ ለበጡት። ቁመቱ 30፣ ስፋቱ 19፣ ጥልቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሰው ንግግርን ጥርት አድርጎ በማሰማቱ እስከ ዛሬ ይፈለጋል።

የኤሌክትሪክ ሰሌዳዋ ክሮስኦቨር ትባላለች፤ ሥራዋ ማከፋፈል ነው። ጥቅል ሽቦ ወፍራሙን አሳልፎ ቀጭኑን ያግዳል፣ ካፓሲተር ደግሞ ቀጭኑን አሳልፎ ወፍራሙን። በ8 ኦም ትዊተር መንገድ ላይ የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብናስገባ፣ በስሌት መለያው 2,000 ኸርዝ አካባቢ ይሆናል። በተግባር ግን የአንድ ስፒከር ኦም በየድግግሞሹ ስለሚለዋወጥ፣ ጀማሪ ሰው ክሮስኦቨሩ ተሠርቶና ተለክቶ ያለቀ ንድፍ ይዞ እንዲጀምር እመክራለሁ። ሲበረታ የመለኪያ ማይክሮፎን ይዞ የራሱን ይነድፋል።

የመጀመሪያ ጥንዴን ስጨርስ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ግን ወፍራሙ ድምፅ የለም። ዘፋኙ መሀል ላይ መቆም ሲገባው የት እንዳለ አይታወቅም ነበር። ሽቦ ፈታሁ፣ ብየዳውን ደገምሁ፣ ምንም። መልሱ የተገኘው በ1.5 ቮልት ባትሪ ነው። የባትሪውን ፖዘቲቭ ከውፈሩ ፖዘቲቭ ጋር ለአንድ አፍታ ሲያነካኩ ሾጣጣው ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። ከስፒከሮቹ መግቢያ ላይ ሞከርሁት፤ የቀኙ ወጣ፣ የግራው ገባ። አንዱን ሽቦ ገልብጬ በይጄው ነበር። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ወፍራሙን ድምፅ ሲያጠፉት ቆይተዋል፤ ያው የካርቶኑ ትምህርት፣ በክፍል ስፋት። ሽቦውን ሳስተካክል ዘፋኙ ሁለቱ ስፒከሮች መካከል ካለው ባዶ ግድግዳ ፊት መጥቶ ቆመ።

አቀማመጡም የሥራው ክፍል ነው። ትዊተሩ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ቢሆን፣ ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ቢሠሩ ይመረጣል። ግድግዳ ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሣጥኑን በመዳፍ ስፋት ገፋ መለስ እያደረጉ መስማት ያስፈልጋል።

አዲስ ጥንድ ስጨርስ የምፈትነው በበገና ነው። በየአውታሩ ሥር እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ አውታሩ ሲርገበገብ እሷን እየነካ ያንን የሚታወቅ እዝዝታ ያመጣል። ወፍራሙ ከውፈሩ፣ የእዝዝታው ጥራት ከትዊተሩ ይመጣል፤ ክሮስኦቨሩ ከተሳሳተ ሁለቱ የተለያዩ መሣሪያዎች መስለው ይሰማሉ። ባለፈው ዐቢይ ጾም የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን ቅጂ ከፍቼ መዳፌን በሣጥኑ ጎን ላይ አሳረፍሁ። ክፍሉ በበገናው ድምፅ ተሞልቷል፤ የቆዳው እዝዝታ፣ የእንጨቱ ባዶነት፣ የደርዳሪው ትንፋሽ ሁሉ ይሰማል። ከመዳፌ ሥር ያለው እንጨት ግን ፀጥ ብሏል።