አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና የዝናብ መለኪያ፦ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያሉ ተማሪዎች ለምርምር ምን ያስፈልጋቸዋል?

ሰኔ ሲገባ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች የሁሉም ዓይን ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ገብሱ፣ ባቄላውና ድንቹ የሚጠብቁት ዝናብ ግን ለሁሉም እኩል አይወርድም። ከሸንተረሩ ወዲህ መሬቱ ሲርስ ከወዲያ ማዶ አቧራ የሚነሣበት ጊዜ አለ። አርሶ አደሩ ይህን ልዩነት በልምድ ያውቀዋል። ባለፈው ሰኔ ምን ያህል እንደ ዘነበ፣ የዘንድሮውም ከዚያ በምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ በቁጥር የሚናገር መዝገብ ግን በእያንዳንዱ ቀበሌ አይገኝም።

ይህን መዝገብ መያዝ ከሚችሉት ተቋማት አንዱ ለአርሶ አደሩ በጣም ቅርብ ነው፤ እርሱም ልጆቹ የሚውሉበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎች በዲጂታል መሣሪያ ታግዘው ምርምር ሲሠሩና በሌላ አገር ካሉ እኩዮቻቸው ጋር የጋራ ሥራ ሲያከናውኑ ማየት በብዙ የዓለም ክፍል የተለመደ ሆኗል። ይህ ሲነሣ ብዙ ወላጅ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ኮምፒውተር የሞላበትን ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ ቢኖር መልካም ነበር፤ ሥራውን ለመጀመር ግን የግድ አያስፈልግም።

ጥያቄ ከመሣሪያ ይቀድማል

ኢትዮጵያ በትምህርት ቴክኖሎጂ ረገድ ረጅም ልምድ አላት። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መከታተል ጀምረው ነበር። ትምህርቱ በመላ አገሪቱ ተዳረሰ፤ ነገር ግን የስርጭቱ ፍጥነት ተማሪውን እንደማይጠብቅና መምህሩን ተመልካች እንደሚያደርገው ብዙ ትችት ቀረበበት።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ‘አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ’ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ፣ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጠ። ሕፃናቱ ሳጥኑን ራሳቸው ከፍተው መሣሪያውን በፍጥነት መጠቀም እንደ ጀመሩ የድርጅቱ ኃላፊዎች በወቅቱ ተናግረዋል። ወሬው ዓለምን አስደንቋል። ይሁን እንጂ መሣሪያን መክፈትና በመሣሪያው ዕውቀትን መፈለግ አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውን የሚያርቅና ልጁ እንዳይሰለች የሚደግፍ መምህርም ያስፈልጋል።

በደባርቅና በዳባት እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስን ያስተምራል። አፈር፣ ውኃ፣ ዕፅዋት፣ እንስሳትና የአየር ሁኔታ የትምህርቱ አካል ናቸው። ለዚህ ትምህርት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ያለው ተራራ ራሱ ሰፊ ቤተ ሙከራ ነው።

በውኃ ጠርሙስ የሚጀመር ምርምር

በጣም ቀላሉ ጅማሬ የዝናብ ልኬት ነው። ወጥ ስፋት ያለው የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ አንገቱ ይቆረጥና ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ በላዩ ይቀመጣል። የጠርሙሱ ሥር ያልተስተካከለ ስለሚሆን ጠጠርና ውኃ ተጨምሮበት ‘ዜሮ’ የሚባለው መስመር ይሰመራል። ከዚያ በላይ በማስመሪያ የሚሊ ሜትር ምልክት ይደረጋል። መለኪያው ከዛፍና ከቤት ጣሪያ ርቆ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ተደግፎ ይቆማል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል፤ ከተነበበም በኋላ ውኃው እንደገና ዜሮው መስመር ላይ እንዲሆን ይስተካከላል።

ቁጥሩ ለአርሶ አደሩም ትርጉም አለው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። እንግዲህ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ ሩብ ሄክታር ማሳ 25,000 ሊትር ውኃ ተቀብሏል። ይህን ስሌት የ5ኛ ክፍል ተማሪ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊሠራው፣ ማታም ለአባቱና ለእናቱ ሊያስረዳቸው ይችላል።

ስልኩ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ የደብተሩን ገጽ ፎቶ ያነሣል፤ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ያስገባል፤ ወሩ ሲያልቅ ግራፍ ይሠራል። በደባርቅ ያለ ትምህርት ቤት ግራፉን በዳባት ወይም በቆላማው አዲአርቃይ ካለ ትምህርት ቤት ጋር ሲያስተያይ ተማሪዎቹ ከፍታ በዝናብ ላይ ያለውን ተጽዕኖ በራሳቸው ቁጥር ይመረምራሉ።

በዚህ ሥራ ልጆች የሚማሩት ትልቁ ነገር ሐቀኝነት ነው። ዝናብ ያልዘነበበት ቀን ‘ዜሮ’ ተብሎ ይጻፋል። ልኬት ያልተወሰደበት ቀን ግን ‘አልተለካም’ ይባላል እንጂ ዜሮ አይባልም፤ በግምትም አይሞላም። ሁለቱን የቀላቀለ መዝገብ ድርቅ ያልነበረበትን ሳምንት ድርቅ የነበረበት ያስመስላል።

ያልሠለጠነ ሰው የወሰደው ልኬት ለሳይንስ ይጠቅማል ወይ ለሚል ጥያቄ በአማራ ክልል የተሠራ ጥናት መልስ ይሰጣል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በዳንግላ ወረዳ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች የዝናብን መጠን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውኃን ጥልቀት እየለኩ መዝግበዋል። የእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው መዝገቡን ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት ግምቶች ጋር አነጻጽረው፣ የነዋሪዎቹ ልኬት አስተማማኝ እንደ ነበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አስታውቀዋል።

ሳተላይትም ቢሆን የምድሩን ምስክር ይሻል። ለድርቅ ማስጠንቀቂያ ከሚያገለግሉት የዝናብ መረጃዎች አንዱ የሆነው ‘ቸርፕስ’ የሳተላይት ምስልን በምድር ላይ ካሉ ጣቢያዎች ልኬት ጋር ያዋሕዳል። አንዱ የመረጃ ቁራጭ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎን ያለው መሬት ይሸፍናል። በሰሜን ተራሮች ግን በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ገደልም፣ ደጋም፣ ሸለቆም ሊኖር ይችላል። የትምህርት ቤቱ ደብተር የሚያሳየው ከላይ በአንድነት የሚታየውን ይህን ልዩነት ነው።

በጥላ የምትለካ ምድር

ዓለም አቀፍ የጋራ ሥራም እንዲሁ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከ2,200 ዓመታት በፊት ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ በግብፅ በእስክንድርያና በአስዋን የሚታየውን የቀትር ጥላ አስተያይቶ የምድርን ዙሪያ አስልቷል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ሙከራ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን በጋራ ይሠሩታል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 11 ወይም 12፣ እንዲሁም መስከረም 12 ወይም 13 ላይ ይውላል። የመጋቢቱ ሰማይ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ በመሆኑ ለደባርቅ ይመቻል።

አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ በተስተካከለ መሬት ላይ ይተከላል። በቀትር ገደማ ጥላው በየአምስት ደቂቃው ይለካል፤ የሚፈለገው ከሁሉ የሚያጥረው ጥላ ነው። በዚያ ቀን በደባርቅ 23 ሴንቲ ሜትር፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጆቹ ዘንጉንና ጥላውን በወረቀት ላይ አሳንሰው ሥለው ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ሲለኩ ለደባርቅ 13፣ ለአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ያህል ያገኛሉ። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ነው፤ ይህም የሙሉ ክብ አንድ ዘጠናኛ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሰሜን-ደቡብ ርቀት ይፈለጋል። የመንገዱ ርቀት እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ አያገለግልም፤ በስልክ ላይ ባለ ካርታ ከደቡብ ወደ ሰሜን ብቻ ያለው ቀጥታ ርቀት ሲለካ 455 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በ90 ሲባዛ 40,950 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና በእንጨትና በማስመሪያ ለተሠራ ሥራ ስሕተቱ ጥቂት ነው።

ተጓዳኙ ትምህርት ቤት በምድር ወገብ ላይ በምትገኘው የኬንያ ከተማ በናንዩኪ ቢሆን ደግሞ በዚያ የቀትሩ ጥላ ከናካቴው ሊጠፋ ይቃረባል፤ ርቀቱ ስለሚሰፋም ውጤቱ ይበልጥ ወደ እውነቱ ይጠጋል። የደባርቁ ልጅ የናንዩኪውን ቁጥር ካላገኘ ስሌቱን አይፈጽምም፤ የናንዩኪውም ልጅ እንዲሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ረጂና ተረጂ የለም፤ አንዱ ሌላውን እኩል ይፈልገዋል።

የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም

ምርምር መለካት ብቻ ሳይሆን ሌሎች የጻፉትን መመርመርም ነው። ለዚህ የራስ ደጀን ተራራ ጥሩ መማሪያ ነው። ከፍታው በአንዳንድ ጽሑፎች 4,533፣ በሌሎች 4,550፣ በቆዩት ደግሞ 4,620 ሜትር ተብሎ ይገኛል። ተማሪዎች ሦስቱን ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ እያንዳንዱን ማን፣ መቼ፣ በምን ዘዴ እንደ ለካው ሲጠይቁ መረጃ ባለቤትና ዘመን እንዳለው ይረዳሉ።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እንዲሁ ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከ2017 በፊት የተጻፈ ጽሑፍ ያነበበ ልጅ ፓርኩ ዛሬም በዚያ መዝገብ እንዳለ ሊያስብ ይችላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች የሚሰጡት መልስም በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት፤ ልበ ሙሉ አነጋገር የእውነት ማረጋገጫ አይደለም።

መረቡ ሲቋረጥ

በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ በዚህ አካባቢ ጸንቶ አይቆምም። መፍትሔው ኔትወርክ ሲኖር አውርዶ፣ ሲጠፋ የሚጠቀሙበትን ማዘጋጀት ነው። ‘ኪዊክስ’ የተባለው ነፃ መተግበሪያ የአማርኛውን ጨምሮ የዊኪፔድያን ጽሑፎች በሚሞሪ ካርድ አኑሮ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። አንድ መምህር ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር ሲሄድ ያወረደውን ለክፍሉ ሁሉ ማድረስ ይችላል። ‘ሲክ’ የተባለው መተግበሪያም ጅባራንና ሌሎች ዕፅዋትን በካሜራ ለመለየት ያለ ኢንተርኔት ይሞክራል፤ ግምቱን ግን ከአካባቢው ሽማግሌዎች ዕውቀት ጋር ማመሳከር ይገባል።

ከሩቅ አገር ጋር መገናኘትም ኢንተርኔት ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። ‘ሊንክ ኢትዮጵያ’ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት መነሻው በ1996 እ.ኤ.አ. በጎንደሩ ፋሲለደስ ትምህርት ቤትና በአንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት መካከል የተጀመረ ወዳጅነት ነው፤ ተማሪዎችም ደብዳቤ ተለዋውጠዋል። ዛሬም የወሩ የዝናብ ሠንጠረዥ ኔትወርክ በተገኘበት ቀን ቢላክ አይዘገይም።

ጥንቃቄና የወላጅ ድርሻ

ልጅን ከዓለም ጋር ማገናኘት ጥንቃቄ ይሻል። አካውንቱ የመምህሩ ወይም የትምህርት ቤቱ እንጂ የልጁ መሆን የለበትም። የልጆች ፊት፣ ሙሉ ስምና የመኖሪያ ቦታ አይላክም፤ የሚላከው ልኬቱ፣ ሥዕሉና ጽሑፉ ነው። የዱር እንስሳት ፎቶም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዱር የትም አይገኝም፤ የቆመበትን ትክክለኛ ቦታ ይፋ ማድረግ ለአዳኝ መንገድ መጠቆም ነው። ‘አይናቹራሊስት’ የተባለው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ መዝገብ አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች የታዩበትን ቦታ የሚሰውረው ለዚህ ነው።

ሥራውም ለሁሉም ልጅ መድረስ አለበት። ስልኩን ሁልጊዜ አንድ ጎበዝ ልጅ ከያዘው ሌሎቹ ተመልካች ይሆናሉ፤ በተለይ ሴት ተማሪዎች ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ለካ፣ መዝጋቢና አረጋጋጭ በየሳምንቱ በተራ መመደብ ይገባቸዋል።

ወላጅ ደግሞ ከሁሉ የቀረበ የዕውቀት ምንጭ ነው። ልጁ ‘ዝናቡ ድሮ መቼ ይገባ ነበር? የትኛው ምንጭ ደረቀ? የትኛው ዘር ከማሳ ጠፋ?’ ብሎ ሲጠይቅ ጊዜ ሰጥቶ መመለስ የምርምሩ አካል ነው። የአያት ትዝታና የልጅ ልጅ ልኬት በአንድ ደብተር ሲቀመጡ ቀበሌው ከዚህ በፊት ያልነበረውን መዝገብ ያገኛል። ትምህርት ቤቱ በአንድ ምክንያት ቢዘጋ እንኳ ጠርሙሱን በግቢው ያቆመ ልጅ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወጥቶ ማንበቡን መቀጠል ይችላል። ትምህርት ሲጀመር የተቋረጡት ቀናት ብዛት ሳይሆን የተለኩት ቀናት ብዛት በደብተሩ ላይ ይገኛል።