ሂሳቡን የምታንረው ሩብ ሰዓት

አንድ ወፍጮ ቤት ቢቸና፣ አንድ ወፍጮ ቤት ሞጣ አለ እንበል። ሁለቱም በቀን 60 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠቀማሉ፤ ወሩ ሲያልቅ ቆጣሪያቸው ላይ የሚነበበው ፍጆታም እኩል ነው። የቢቸናው ባለወፍጮ የጤፉን፣ የበቆሎውንና የበርበሬውን ወፍጮ በአንድ ላይ አስነስቶ፣ 30 ኪሎዋት እየሳበ፣ በ2 ሰዓት ሥራውን ይጨርሳል። የሞጣው አንዱን ሲያቆም ሌላውን እያስነሳ፣ ከ10 ኪሎዋት ሳያልፍ፣ 6 ሰዓት ይሠራል። የዲማንድ ክፍያ ባለበት ታሪፍ የሁለቱ ሂሳብ በጣም ይራራቃል።

ኪሎዋት ሰዓት በወሩ ውስጥ የተጠቀምነው ኃይል ድምር ነው። ኪሎዋት ደግሞ በአንድ ጊዜ ከመስመሩ የምንስበውን መጠን ይለካል። የዲማንድ ቆጣሪ የአጭር ጊዜ አማካይ ይይዛል፤ በብዙ አገሮች ይህ ጊዜ 15 ወይም 30 ደቂቃ ነው። ከወሩ አማካዮች ሁሉ ትልቁ ይመዘገብና በአንድ ኪሎዋት ዋጋ ይባዛል። ለስሌት ያህል የኪሎዋቱ ዋጋ 200 ብር ቢሆን፣ የቢቸናው ከፍጆታው ሂሳብ በላይ 6,000 ብር፣ የሞጣው 2,000 ብር ይጨምራል። ወሩን ሙሉ ተጠንቅቆ በአንድ የገበያ ቀን ብቻ ሁሉንም ማሽን አብሮ ያስነሳ ሰውም የሚከፍለው በዚያች ቀን ልክ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደጋሽ ድንኳን የሚተክለው እንግዳ በሚበዛበት ሰዓት ልክ ነው፤ ትራንስፎርመርም፣ መስመርም፣ ተርባይንም የሚዘጋጁት እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ የሽቦው ሙቀት ከከረንቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን በሙቀት የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሆኖም አባይ ላይ የመነጨ ኃይል ወፍጮ ቤቱ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ምሽት ላይ መብራቱና የእንጀራ ምጣዱ አብረው ሲበሩ የሚጨነቀውም ይኸው ትራንስፎርመር ነው፤ አንድ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ሆፕኪንሰን በ1892 እ.ኤ.አ. ደንበኛው ተጠቀመም አልተጠቀመም ኃይል አዘጋጅቶ መጠበቅ ወጪ እንዳለው አስረዳ። ብራይተን ከተማ የሠራው አርተር ራይት ደግሞ ከፍተኛውን ፍላጎት የሚመዘግብ ቆጣሪ ፈጠረ። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ታሪፍ ለኢንዱስትሪ ደንበኞች ከኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ጎን በኪሎዋት የሚታሰብ ክፍያ አስቀምጧል።

ብዙ ባለሙያ ሂሳቡን የሚያንረው ሞተር ሲነሳ የሚስበው ከረንት ይመስለዋል። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት እንደሚስብ እውነት ነው፤ የሰፈሩን አምፖል የሚያደበዝዘውም እሱ ነው። ነገር ግን ጥቂት ሴኮንድ የቆየ ከረንት በ15 ደቂቃ አማካይ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ሂሳቡን የሚወስነው ሩብ ሰዓት ሙሉ አብረው የሚሠሩት ማሽኖች ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱ ተራ ማስያዝ ነው፦ በርበሬው ጤፉ እስኪያልቅ ይጠብቅ፣ ብየዳውና የእንጨት መሰንጠቂያው ሰዓት ይለያዩ።

ካፓሲተርም የትራንስፎርመሩን ጫና ያቃልላል። ጭነት የጎደለው ሞተርና የብየዳ ማሽን ለሥራ የማይውል ከረንት በመስመሩ ላይ ያመላልሳሉ፤ ካፓሲተር ይህን ከረንት እዚያው ቤቱ ያቀርባል። 30 ኪሎዋት የሚሠራ ቤት ፓወር ፋክተሩ (ከሚሳበው ጠቅላላ ለሥራ የሚውለው ድርሻ) 0.7 ከሆነ ትራንስፎርመሩን 43 ኪቪኤ ያህል ያስይዛል፤ ወደ 0.95 ከፍ ሲል ግን 32 ኪቪኤ ገደማ ይበቃዋል።

እንዲህም ሆኖ ይህ ክፍያ ፍትሐዊ የሚሆነው ደንበኛው ሰዓቱን መምረጥ ሲችል ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ከዋለ እህሉ ይከመራል፣ ወረፋው ይረዝማል፤ መብራቱ ሲመጣ ባለወፍጮው ሁሉንም ወፍጮ አብሮ ከማስነሳት ሌላ ምርጫ የለውም። ያን ጊዜ የሚመዘገበው ከፍተኛ ፍላጎት የመቋረጡ ውጤት ነው። ኃይል አቅራቢው ተዘጋጅቶ ለመጠበቁ ዋጋ ሲቀበል፣ ዝግጁ ሆኖ የመገኘት ግዴታም አለበት። ከመቋረጥ በኋላ ያለውን ጊዜ ከስሌቱ ማውጣት፣ ቢያንስ የደንበኛውን ከፍተኛ ኪሎዋት ከነቀኑና ከነሰዓቱ በደረሰኙ ላይ ማስፈር ተገቢ ነው።

በኢንዱስትሪ ታሪፍ የምትከፍሉ ባለወፍጮዎች፣ ባለዳቦ ቤቶችና የብረታ ብረት ሠራተኞች፣ የሚቀጥለው ደረሰኝ ሲደርሳችሁ ከኪሎዋት ሰዓቱ በፊት ኪሎዋቱን ተመልከቱ። ካልገባችሁ ጠይቁ፤ ሠራተኞቻችሁም ማሽኖቹን በተራ እንዲያስነሱ ዛሬውኑ ንገሯቸው።