በሻኪሶ አካባቢ ወፍን በዛፏ ስለ መፈለግ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናስረዳው፣ ከሻኪሶ እስከ ነገሌ ባለው አገር ወፎችን ለመመልከት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ዛፎችን ማወቅ የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ ነው።

መጀመሪያ ቆርችን እንመልከት። ይህ ዛፍ ብዙ ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ይለብሳል። ወፎች የሚመሩት ይበልጡን በማየት እንጂ በማሽተት አይደለምና ቀዩ ቀለም ከሩቅ ይጠራቸዋል። መንቆራቸው ቀጭንና ቆልመም ያለ ትናንሽ ወፎች የአበባውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሲመጡ፣ በላያቸው የተለጠፈውን የአበባ ዱቄት ወደ ሌላው ዛፍ ያደርሳሉ። ስለዚህ በማለዳ ከፈካ ቆርች ጥቂት ራቅ ብሎ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ዱር ለዱር ሲዞር ከሚውለው ይልቅ ብዙ ያያል።

ሁለተኛው ስፍራ የወንዝ ሸለቆ ነው። አዋታና ሞርሞራ ወደ ዳዋ ይወርዳሉ፤ ዳዋም በዶሎ አጠገብ ከገናሌ ጋር ይገናኛል። የወንዝ ዳር እርጥበት ሾላንና ሌላውን ለምለም ዛፍ ስለሚያኖር፣ ደኑ እንደ ቀጭን መቀነት ሆኖ ወደ ግራሩ ቆላ ይዘልቃል። በዚህም ምክንያት የደን ወፍና የቆላ ወፍ በአንድ ገደል አፋፍ ይገናኛሉ።

ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማትገኘው የሩስፖሊ ቱራኮም የዚሁ አገር ወፍ ናት። ገላዋ አረንጓዴ፣ ጉትያዋ ነጣ ያለ ነው፤ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ደማቅ ቀይ ይታያል። ለዚህ ቀለም የሚያስፈልገው መዳብ ከምግቧ የሚገኝ ነው። ምግቧም የሾላ፣ የዝግባና የመሳሰሉት ዛፎች ፍሬ ነው።

ኢጣሊያዊው መስፍን ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ይህችን ወፍ ካገኘ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዝሆን ገደለው። የተገኘችበትን ስፍራ ጽፎ አልተወምና፣ ሊቁ ሳልቫዶሪ በ1896 ስም ቢያወጣላትም መኖሪያዋ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሳይታወቅ ቆየ።

ዛሬ ስፍራዋ ታውቋል፤ ነገር ግን ደኑ ለእርሻ፣ ለከሰልና ለጣውላ ይቆረጣል። በአንዳንድ ስፍራም ጉንጨ ነጭ ከሆነችው ዘመዷ ጋር እንደምትዳቀል ተመዝግቧል። የወንዙ ዳር ሾላ ካለቀ የምትሰደድበት ሌላ አገር የላትም። ስለዚህ ወፍ የሚመለከት ተማሪ ሁሉ የወፊቱን ስም ብቻ ሳይሆን፣ የተቀመጠችበትን ዛፍ፣ የወንዙን ስምና ቀኑን ጭምር በማስታወሻው እንዲጽፍ እናሳስባለን፤ የሩስፖሊ ወፍ አምሳ ዓመት ያህል መኖሪያዋ የጠፋው የስፍራ ስም ሳይጻፍ በመቅረቱ ነበርና።