15 በመቶው ያልደረሰው ቆጣቢ

ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ግንባታ ነው። አንዳንዱ ቤት አልቆ ሰው ገብቶበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፌሮው እንደቆመ ዓመታት ተቆጥረውበታል። በጅምር የቆመውን ቤት የሚያይ ሰው ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮታል ብሎ ያስባል፤ ልክ ሊሆንም ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ባለቤቱ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር ብሎኬትና ሲሚንቶ እየገዛ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት የሚጨምር አስተዋይ ሰው ነው። ብሩን ባንክ አጠራቅሜ አንድ ቀን እገነባለሁ ቢል ዋጋው ጥሎት እንደሚሄድ ያውቃል። ለቤትና ለመሬት የሚደረገውን ይህን ጥድፊያ ደላላ ላይ ማላከክ ቀላል ነው። እኔ ግን ዋናው ምንጩ ብር በባንክ ሲቀመጥ የሚከፈለው ዋጋ ነው እላለሁ። የብሔራዊ ባንክ አዲሱ የገንዘብ ፖሊሲ ሥር መስደዱም መመዘን ያለበት በትንሽ ቆጣቢ ደብተር ላይ በሚያመጣው ለውጥ ነው።

ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት የዋጋ ንረቱ 20 በመቶን አልፎ በ2014 ዓ.ም. 37 በመቶ ደረሰ። የዚህን ክብደት ለማየት ንረቱን ዝቅ አድርገን በየዓመቱ 20 በመቶ ብቻ ነው እንበል። በ7 በመቶ ወለድ የተቀመጠ 100,000 ብር በአምስት ዓመት ወደ 140,000 ብር ይጠጋል። መጀመሪያ 100,000 ብር ይሸጥ የነበረው ዕቃ ግን በዚያው ጊዜ ወደ 249,000 ብር ይገባል። ቆጣቢው በደብተሩ ላይ 40,000 ብር አተረፈ፤ በገበያ ላይ ግን ገንዘቡ ከነበረው የመግዛት አቅም 44 በመቶ ገደማ ተነነ። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው በየወሩ ሳያቋርጡ በንግድ ባንክ ሲቆጥቡ የኖሩ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ዕጣ በመጠበቅ ባለፉት ዓመታት ሁሉ የቆጠቡት ብር እየቀለለ፣ የሚገነባው ቤት ዋጋ እየከበደ ሄዷል።

ይህ የተነነ አቅም ባክኖ አልቀረም፤ ወደ ተበዳሪው ዞሯል። ትልቁ ተበዳሪ ደግሞ መንግሥት ነበር። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶውን የሚያህል ገንዘብ አውጥተው አነስተኛ ወለድ የሚከፍል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ከዚያ ሌላ መንግሥት የበጀት ጉድለቱን በቀጥታ ከብሔራዊ ባንክ በሚወስደው ብድር ይሞላ ነበር፤ ይህም አዲስ ብር ማተም ማለት ነው። በዚያ ዘመን ብዙ መንገድና ግድብ መሠራቱ አይካድም። የወጪውን አንድ ክፍል የሸፈነው ግን ማንም ሳይጠይቀው በወለድ ማነስ ግብር የከፈለው ቆጣቢ ነው። ይህ በምክር ቤት ያልታወጀ ግብር ስለሆነ ስንት እንደተሰበሰበ የሚናገር የበጀት ሰነድ የለም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አሠራሩ ተለወጠ። ብሔራዊ ባንክ ገበያውን በወለድ መምራት ጀመረ፤ የፖሊሲ ወለዱንም 15 በመቶ አደረገው። ይህ ብሔራዊ ባንክ ራሱ ከባንኮች ጋር ሲበዳደር መነሻ የሚያደርገው ወለድ ነው። ከፍ ሲል ለባንኮች ገንዘብ ይወደዳል፣ ብድር ይረጋጋል፣ ዋጋም ቀስ በቀስ ይበርዳል ተብሎ ይታሰባል። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ገበያ ተከፈተ። መንግሥትም ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደሩን አቆመ። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ንረቱ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ መመስገንም አለበት። ሆኖም የፖሊሲ ወለዱ 15 ሲባል የቁጠባ ወለዱ ወለል እዚያው 7 ላይ ነበር። ባንኮች ቆጣቢን ለመሳብ ለምን አልተሽቀዳደሙም? አንዱ ምክንያት ከወለዱ ጎን ለጎን የቆመው የብድር ዕድገት ጣሪያ ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. 14 በመቶ ሆኖ ተጀመረ፣ ኋላም ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ከተፈቀደለት በላይ ማበደር የማይችል ባንክ ተቀማጭ ለማግኘት ተጨማሪ ወለድ የሚከፍልበት ምክንያት ይቀንሳል። ብዙ ሚሊዮን ያለው አስቀማጭ በጊዜ ገደብ ተደራድሮ የተሻለ ወለድ ያገኛል። ባለ 20,000 ብሩ የጉልት ነጋዴ የሚደራደርበት አቅም የለውም።

የኛ ንረት ከጤፍ እጥረት፣ ከጦርነት፣ ከነዳጅና ከምንዛሪ የመጣ ስለሆነ ወለድ ምን ይፈይዳል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ወለድ ጤፍ አያበቅልም። ነገር ግን ወለድ ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያስቀምጥ ይወስናል። ብር የሚያከስር ሲሆን ቆጣቢው ወደ መሬት፣ ወደ ዶላርና ወደ ሸቀጥ ክምችት ይሸሻል፤ ያ ሽሽት ራሱ ዋጋ ይጨምራል። ሌሎች ደግሞ የቁጠባ ወለድ ከፍ ካለ የብድርም ከፍ ይላል፣ ቤት ሠሪው ይጎዳል ይላሉ። ለዚህ መልሱ ርካሹ ብድር ማንን ያገለግል እንደነበር ማየት ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያው የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት ከለያቸው ሥጋቶች አንዱ የባንክ ብድር በጥቂት ትላልቅ ተበዳሪዎች እጅ መከማቸቱ ነው። በአያት ብሎኬት እየቆጠረ ቤቱን የሚሠራ ሰው ከዚህ ብድር አልደረሰውም፤ የሚሠራው በራሱ ቁጠባና በዕቁብ ነው። ወለድ በመርከሱ ያገኘው ጥቅም ሳይኖር በቁጠባው የከሰረው እሱ ነው።

ታዲያ ወለሉን በመመሪያ ማንሳት ይበቃል? ኬንያ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የብድር ወለድ ጣሪያና የቁጠባ ወለድ ወለል በሕግ ደንግጋ ነበር። ባንኮች ለትንንሽ ነጋዴ ማበደሩን ቀንሰው የመንግሥት ሰነድ መግዛት ላይ አተኮሩ፤ የብድር ወለድ ጣሪያው በ2019 ተሻረ። እኔ የምመርጠው መንገድ ለቆጣቢው ሌላ በር መክፈት ነው። መንግሥት ከገበያ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ዋና ገዢዎች ባንኮችና የጡረታ ፈንዶች ናቸው። በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የክፍያ መንገዱን እስከ ጉልት ድረስ ዘርግቶታል፤ ክፍያው በሰከንድ ሲደርስ ለገንዘቡ የሚከፈለው ወለድ ግን ባለበት ቀርቷል። ያ ስልክ በ1,000 ብር የመንግሥት ሰነድ መግዣ ቢሆን ባንኮች ቆጣቢያቸውን ላለማጣት ወለዳቸውን በራሳቸው ያሻሽላሉ። ኬንያ በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤም አኪባ የተባለውን ቦንድ ከ3,000 ሽልንግ ጀምሮ በስልክ ሸጣለች። ለሙከራ የቀረበው 150 ሚሊዮን ሽልንግ ተሸጦ አለቀ፤ ቀጥሎ የመጣው የ1 ቢሊዮን ሽያጭ ግን አብዛኛው ገዢ አላገኘም። ይህ ሐሳቡን ውድቅ አያደርገውም፤ ሰነዱ ግን በማንኛውም ሰዓት ተመልሶ ወደ ብር የሚቀየርበት ገበያ ያስፈልገዋል። ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ለዚህ መሠረት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የባንኮቹ ደኅንነት ነው። ቆጣቢ በብዛት ወደ መንግሥት ሰነድ ቢያቀና፣ ቀድሞም ጥሬ ገንዘብ ያጠራቸው ትንንሽ ባንኮች ሊናጉ ይችላሉ። በስልክ የሚሸጠው ሰነድ በዓመት ገደብ ተወስኖ በጥቂት መጠን መጀመር ያለበት ለዚህ ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ስለሚሸፍንም ትንሹ ቆጣቢ በወሬ ደንግጦ ከባንኩ የሚሸሽበት ምክንያት የለም፤ ይህን ሽፋን የሚያውቀው ሰው ቁጥር ግን መጨመር አለበት። ብሔራዊ ባንክ ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት ሊያጠናውና ለሕዝብ ሊያወጣው የሚገባ ነገርም አለ፦ በየባንኩ ከ100,000 ብር በታች ያስቀመጠው ሰው ብዛትና በአማካይ የተከፈለው ወለድ። መረጃው በባንኮቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ፤ የብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ ስለ 15 በመቶው ለመወሰን በተሰበሰበ ቁጥር ይህ አኃዝ ከንረቱ አኃዝ ጎን ጠረጴዛው ላይ ሊቀርብለት ይችላል።