ደጋ ያልወጣው ባቡር

ከአዲ አርቃይ ተነስቶ የሊማሊሞን ዳገት የወጣ ሰው፣ ባቡር ለምን ከቆላ ደጋ በዋዛ እንደማይወጣ አስረጂ አያሻውም። በአካባቢያችን ታሪክ ቀዳሚው የእንፋሎት ባቡርም የቆመው እንዲህ ያለ ዳገት ግርጌ ነው።

የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጣ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው ዙላ ከሕንድ የጫነውን ባቡር አራገፈ። ዕቃው አሮጌ ነበር። ሐዲዱ የተለቃቀመ ሲሆን ከፊሉ በካራቺ ወደብ ግንባታ ያገለገለ ነው፤ ፉርጎዎቹም ባሌስትራ አልነበራቸውም።

በዚያ ዘመን ለወደብ ሥራና ለድንጋይ ካባ የሚሠሩ ባቡሮች ትናንሽ ነበሩ። ውሃቸውን የሚሸከሙት በተቀጣይ ፉርጎ ሳይሆን በራሳቸው ገላ ላይ ነው። የፈላው ውሃ እንፋሎት ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ መንኮራኩሩን ያዞራል፤ የውሃው ክብደት ደግሞ መንኮራኩሩን ሐዲዱ ላይ ስለሚጫነው ጉልበቱ በመንሸራተት አይባክንም። ሆኖም ብረት በብረት ላይ ነውና ዳገቱ ሲበረታ መንኮራኩሩ ባለበት ይሾራል። ስለዚህ ሐዲዱ ከዙላ ወደ ኩማይሌ 18 ኪሎ ሜትር ያህል በሜዳው ተዘርግቶ አበቃ። ከዚያ እስከ ሰንዓፌ ያለው አቀበት የበቅሎ፣ የግመልና የዝሆን ሥራ ሆነ። ዙላ ላይ የሚጠጣ ውሃ እንኳ ስላልነበረ መርከቦች የባሕሩን ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ለሠራዊቱ ያቀርቡ ነበር።

በእነዚያው ወራት አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት የተሠራውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎትቱ ነበር። ሐዲድም እንፋሎትም የለም። ገደሉ እየተናደ መንገድ ይወጣል፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሳሉ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይስባል። ሁለቱን ሥራዎች ሳስተያይ አድናቆቴ ያለማመንታት ወደዚህኛው ያደላል፤ ከባዱን ዳገት የወጣው እሱ ነውና።

መቅደላ ሚያዝያ ላይ ወደቀች። የዙላው ባቡር ተመላሹን ጦር ወደ ባሕር ካደረሰ በኋላ ሐዲዱ ተነቅሎ ወደ ሕንድ ተጫነ። ከዚያው የባሕር ዳርቻ ተነስቶ ደጋ የወጣ ባቡር የታየው ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1911 ነው። ጣልያኖች የምፅዋውን መስመር አስመራ ያደረሱት ተራራውን ፊት ለፊት ሳይጋፈጡ፣ በጠመዝማዛ መንገድ እየዞሩና ዋሻ እየፈለፈሉ፣ 118 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ነው።