ፓርቲው ሌላ፣ ቀረጡ ሌላ

በኢየሩሳሌም ከኢትዮጵያ ጎዳና ተነስቶ፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ ወደ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ የሚያቀና ሸማች የአይቡን ዋጋ ሲጠይቅ፣ አገሪቱን ለዓመታት የመራው የነፃ ገበያ ፓርቲ የሚባለው ሊኩድ መሆኑን ማመን ይቸግረዋል።

የሊኩዱ ቤንያሚን ኔታንያሁ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ ግብር ቀንሰዋል፣ የመንግሥት ድርጅቶችን ሸጠዋል። ወተት ላይ ሲደርሱ ግን ሌላ ሰው ናቸው። በ2011 ሕዝቡ በኮቴጅ አይብ ዋጋ ተቆጥቶ በተነሳበት ዓመት፣ በእርሳቸው መንግሥት ዘመን የወተት ዕቅድ ሕግ ጸደቀ። በዚህ ሥርዓት ለየአርቢው የምርት ኮታ ይመደባል፣ የጥሬ ወተቱን ዋጋ መንግሥት ይቆጣጠራል፣ ከውጭ በሚገባው ላይ ከባድ ቀረጥ ይጫናል። የደርግ ዘመን ዕቅድ አውጪ ቢያየው ባይተዋርነት አይሰማውም ነበር።

ምክንያቱ ብዙም አያስደንቅም። አርቢዎቹ ጥቂት ቢሆኑም የተደራጁ ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚኖሩት ከድንበር ብዙ በማይርቁ መንደሮች ነው። ስለዚህ የወተት ጉዳይ የአገር መከላከያ ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል። ሸማቹ ግን በሚሊዮን ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ጥቂት ሼክል ጨምሮ ከፍሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚገርመው፣ በ1926 የኪቡትዞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኖ የተመሠረተው ትልቁ የወተት ድርጅት ትኑቫ ከ2015 ጀምሮ አብላጫ ድርሻው የቻይና መንግሥት ኩባንያ የሆነው የብራይት ፉድ ነው።

በአንጻሩ ለነፃ ንግድ በሩን ቀድሞ የከፈተው ሶሻሊስት የሚባለው የሠራተኛ ፓርቲ ነው። በ1975 በይስሐቅ ራቢን ዘመን ከአውሮፓ የጋራ ገበያ ጋር፣ በ1985 ደግሞ ሺሞን ፔሬስ በሚመሩት ጥምር መንግሥት ከአሜሪካ ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት ተፈረመ። በሁለተኛው ላይ የፈረሙት የሊኩዱ የኢንዱስትሪና ንግድ ሚኒስትር አሪየል ሻሮን በመሆናቸው ክብሩን መጋራት ግድ ነው።

ኤፕሪል 1 ቀን 2025 እስራኤል በአሜሪካ ዕቃዎች ላይ የቀረውን ቀረጥ በሙሉ እንደምትሰርዝ አስታወቀች። አብዛኛው ዕቃ በ1985ቱ ውል ቀድሞውኑ ከቀረጥ ነፃ ስለነበር የተሰጠው ትንሽ ነበር። በማግስቱ ዶናልድ ትራምፕ በእስራኤል ዕቃ ላይ 17 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ አስታወቁ። ፓርቲያቸው ለአሥርተ ዓመታት የነፃ ንግድ ጠበቃ ተብሎ ሲጠራ የኖረው ሪፐብሊካን ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ የፓርቲ ስምና የተግባር ልዩነት አላመለጠችም። የወጪ ንግድን ማስፋፋት ከመፈክሮቹ አንዱ ያደረገው ኢሕአዴግ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ፤ ዓላማው የከተማ ነዋሪውን ከዋጋ ንረት ማዳን ነበር። ዕዳው በአርሶ አደሩና በውጭ በሚኖረው ጤፍ ፈላጊ ላይ ወደቀ። ክልከላው እንጀራን ግን አልነካም፤ ጋግሮ መላክ ይቻል ነበር።