መብራት ቢቋረጥም ያለበትን ቦታ የማይስት መሣሪያ

የመስኖ ቦይ የውኃ በር በኤሌክትሪክ ሞተር እየተከፈተ ሳለ መብራት ተቋረጠ እንበል። ኃይሉ ሲመለስ መቆጣጠሪያው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ ነው። ከተሳሳተ ወይ ማሳው ውኃ ያጣል፤ አለዚያም ከመጠን ያለፈ ውኃ ቦዩን ሰብሮ ሰብሉን ያጥለቀልቃል። ይህን መረጃ የሚሰጠው ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚገጠመው ኢንኮደር የተሰኘ መሣሪያ ነው።

ኢንኮደር በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ኢንክሪመንታል የሚባለው ዘንጉ በዞረ ቁጥር ምልክት እየላከ ያስቆጥራል። እርምጃውን እየቆጠረ የሚጓዝ መንገደኛን ይመስላል፤ ቆጠራው ከጠፋበት ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና መጀመር አለበት። አብሶሉት ኢንኮደር ግን በመንገድ ዳር የቆመውን የኪሎ ሜትር ምልክት የሚያነብ መንገደኛ ነው። በየትም ቦታ ቢነቃ ያለበትን ያውቃል።

በመሣሪያው ውስጥ ከዘንጉ ጋር የሚዞር ዲስክ አለ። በዲስኩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉና የማያሳልፉ ክፍሎች በክብ መስመሮች ተደርድረዋል፤ የብርሃን መቀበያዎችም ከየመስመሩ 0 ወይም 1 ያነባሉ። 12 መስመሮች ያሉት ዲስክ አንዱን ዙር ለ4096 ቦታዎች ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ቦታም የራሱ ኮድ አለው።

በተለመደው የሁለትዮሽ አጻጻፍ ከ3 ወደ 4 ሲታለፍ 011 ወደ 100 ይለወጣል። ሦስቱም አኃዞች እኩል ካልተቀየሩ ንባቡ ፈጽሞ ይሳሳታል። ስለዚህ በብዙ ኢንኮደሮች ላይ በእያንዳንዱ ሽግግር አንድ አኃዝ ብቻ የሚለወጥበት ግሬይ ኮድ ይሠራበታል። ስያሜው የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ ከነበረው ከፍራንክ ግሬይ የመጣ ሲሆን፣ ፓተንቱም በ1953 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተሰጥቶታል።

የውኃ በር ለማንሣት ሞተሩ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር አንዱን ዙር ብቻ ማወቅ አይበቃም። ባለ ብዙ ዙር ኢንኮደር እንደ ሰዓት ጥርሶች በተያያዙ ጥርሳማ ጎማዎች የዙሩንም ብዛት ይይዛል። በመሆኑም መብራት በሌለበት ሠራተኞች በሩን በእጅ ቢያዞሩት እንኳ ኃይል ሲመለስ ትክክለኛው ቦታ ይነበባል። አቧራና እርጥበት በሚበዛበት ስፍራ ደግሞ በብርሃን ፈንታ በማግኔት የሚሠሩት ይመረጣሉ።

መሣሪያው ከኢንክሪመንታሉ ይልቅ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጥንቃቄም ይሻል። ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ክፍል ላልቶ ከተንሸራተተ በሩ ሌላ፣ ንባቡ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ በበሩ ላይ የተቀባውን መለኪያ ከንባቡ ጋር በየጊዜው ማመሳከር ያስፈልጋል።